የተቆረጠ ቡሎን ከሞተር ሲያወጡና የተበላ ጥርስ ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ክፍል) ውስጥ የተቆረጠ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በራሱ ትልቅ ጉዳት አይደለም። የጥገናውን ወጪ የሚያንረው፣ አንዳንዴም ቴስታታውን እስከ ማስቀየር የሚያደርሰው፣ ቡሎኑ ከተቆረጠ በኋላ በንዴትና በችኮላ የሚደረገው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ስህተቶች ሁሉም እኩል አይከብዱም፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ግን ሊታረም የሚችለውን ሥራ ወደማይታረም የሚለውጡ ስለሆኑ ሰፋ ብለው ተብራርተዋል።

ለምን እንደተቆረጠ ሳያጣሩ ሥራ መጀመር

ቡሎን የተቆረጠበት ጊዜ ስለ መውጫው መንገድ ብዙ ይናገራል። ሲጠብቅ የተቆረጠ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ተስቦ ነው፤ ጭንቅላቱ ሲለይ ደግሞ ውጥረቱ ስለሚለቀቅ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ልል ነው፤ በሹል መምቻ ጠርዙን ወደ ግራ እየነኩ ማዞር ብቻ ሊያወጣው ይችላል። በሥራ ላይ እያለ በንዝረትና በሙቀት መለዋወጥ ደክሞ የተቆረጠ፣ በተለይም የጭስ ማስወጫ ማኒፎልድ ቡሎን፣ ልልም የተጣበቀም ሊሆን ስለሚችል ቁራጩን በጥንቃቄ ሞክሮ መለየት ያስፈልጋል። ሲፈታ የተቆረጠ ቡሎን ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ጥርሱ (በቡሎኑና በቀዳዳው ላይ ያለው ጠመዝማዛ ሰርጥ) በዝገት ስለተያያዘና ከቡሎኑ ጥንካሬ በላይ ስለያዘ ነው ጭንቅላቱ የተበጠሰው። ይህን ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ የሚነሳ ሰው ቀጥሎ የተገለጸውን ስህተት መሥራቱ አይቀርም።

ኤክስትራክተርን እንደ መጀመሪያ መፍትሔ መውሰድ

ሾጣጣና ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ጥርስ ያለው የተቆረጠ ቡሎን ማውጫ በየመለዋወጫ ሱቁ በርካሽ ይሸጣል፤ ሥዕሉ ላይ ሲታይም ሥራው ቀላል ይመስላል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦ ሙሉ ውፍረት የነበረው ቡሎን በቁልፍ ሲዞር ጥርሱ አልንቀሳቀስ ብሎ ከተቆረጠ፣ በቡሎኑ መካከል በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ የገባ፣ ከቡሎኑ የቀጠነ ብረት በምን ኃይል ያዞረዋል? ከዚህም በላይ መሣሪያው ሾጣጣ በመሆኑ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የቁራጩን ግድግዳ ወደ ውጭ እየገፋ ጥርሱን ይበልጥ ያጣብቀዋል።

መሣሪያው ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ብረት ደግሞ ሳይታጠፍ በድንገት ይሰበራል። ሲሰበር የሚቀረውን ቁራጭ ተራ የብረት ፑንታ (የመሰርሰሪያ መብሻ) አይበሳውም፤ ፑንታው ራሱ ተንሸራትቶ በዙሪያው ያለውን ለስላሳ አሉሚኒየም ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ በካርባይድ መሣሪያ ፈጭቶ ማውጣት ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ያለበትን ድርጅት ፈልጎ ቴስታታውን ፈቶ መውሰድ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ልል መሆኑ ለታወቀ ቁራጭ ብቻ ሊውል ይገባል። ለተጣበቀው ቁራጭ በእኔ ግምት ከዚህ መሣሪያ የተሻለው በግራ የሚቆርጥ ፑንታ ነው፤ እየበሳ ሳለ የመሰርሰሪያው መዞር ራሱ ቁራጩን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ስለሚገፋው፣ ሙቀቱና ንዝረቱ ተጨምሮበት፣ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይዞት ይወጣል። ባይወጣ እንኳ የተበሳው ቀዳዳ ለሚቀጥለው ደረጃ ያገለግላል እንጂ የሚያበላሸው ነገር የለም።

ዘይት ነፍቶ ወዲያው ማዞር፣ እሳትን ያለ ልክ መጠቀም

ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ሥራውን የሚሠራው በጊዜ ነው። ነፍቶ ከደቂቃ በኋላ ቁልፍ መጫን ዘይቱን ማባከን ነው፤ ከማታ ጀምሮ ደጋግሞ ነፍቶ፣ በመካከሉ ቁራጩን በመዶሻ ቀለል አድርጎ እየመቱ፣ በማግሥቱ መሞከር ይሻላል።

ሙቀት ከዘይት ይበልጥ ኃይለኛ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ በቡሎኑ ዙሪያ ያለውን አካል ማሞቅ ቀዳዳውን ያላቅቀዋል። ዳሩ ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ንጹሑ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ የሞተር ቅይጡ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይለሰልሳል፣ መልኩ ግን ሳይለወጥ በድንገት ይወርዳል። የኦክሲጂን እሳት በአንድ ነጥብ ላይ አቁሞ ብረቱ እስኪቀላ መጠበቅ ለብረት ሞተር ብሎክ የሚሆን ልማድ እንጂ ለአሉሚኒየም ቴስታታ አይደለም። ከማሞቅ በፊት የተነፋው ዘይት መጠረግ አለበት፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ከነበረ ደግሞ ፈጽሞ ደርቆ ተነነ እስኪባል ድረስ እሳትም ብየዳም ሊቀርበው አይገባም፤ በሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናልና። ትኩስ ጥርስ ላይ ሻማ ማስነካትም ጥሩ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ በስንጥቁ ውስጥ ይሳባል፣ ሲዞርም ያለሰልሳል።

ዳዶ በይዶ ማውጣትን መዝለል፣ ወይም ሳይዘጋጁ መበየድ

ቁራጩ ከወለሉ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ወጣ ያለ ከሆነ በላዩ ዳዶ (ቡሎን የሚታሰርበት ባለ ቀዳዳ ብረት) አስቀምጦ በመካከሉ መበየድ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው መንገድ ነው። የብረት ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር አይጣበቅም፤ ከብየዳው የሚወርደው ከፍተኛ ሙቀትም የዝገቱን መያዣ ይሰብራል። እዚህ የሚሠራው ስህተት ብየዳው ገና ቀይ እያለ ቁልፍ መጫን ነው። ጥቂት ቀዝቅዞ፣ ወደፊትም ወደኋላም በቀስታ እየተነቀነቀ ሊዞር ይገባል። ከአንድ ሙከራ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዳዶው ተነቅሎ ቢወጣ ሌላ መበየድ ነው። ከዚህ በፊት ግን የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የብየዳው መሬት ማያያዣ ደግሞ ከቁራጩ አጠገብ ይታሰር፤ አለዚያ ጅረቱ በመኪናው ኮምፒውተርና በሽቦዎቹ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል።

መሐሉን ሳያገኙ መብሳት

ይህ ከኤክስትራክተሩ ቀጥሎ ከባድ የሆነው ስህተት ነው። የተቆረጠ ቡሎን ፊት ለፊቱ ብዙውን ጊዜ ወጣ ገባ ነው፤ ፑንታ በዚህ ላይ ሲቀመጥ ወደ ጎን ይሸሻል። ቁራጩ ብረት፣ ዙሪያው አሉሚኒየም በመሆኑ ደግሞ ፑንታው ጠንካራውን ትቶ ወደ ለስላሳው ያዘነብላል፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር ከመሐል የወጣ ቀዳዳ በአንድ ወገን የቴስታታውን ጥርስ ሲበላ በሌላው ወገን የቡሎኑን ግድግዳ ወፍራም አድርጎ ይተወዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊቱ በሞረድ ወይም በትንሽ መፍጫ ይስተካከል፣ መሐሉ በሹል መምቻ ነጥብ ይደረግበት፣ ከዚያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በዝቅተኛ ፍጥነትና በመቁረጫ ዘይት ይጀመር። ቁራጩ ወደ ውስጥ ገብቶ የተቆረጠ ከሆነ ከዓይን ግምት የሚሻል ዘዴ አለ፦ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው አዲስ ቡሎን በቶርኖ መሐል ለመሐል ተበስቶ ከላይ ባለው ቀዳዳ ይታሰራል፤ ፑንታውም በእሱ ውስጥ ተመርቶ ይወርዳል። ለማንኛውም ቶርኖ ቤት አነስተኛ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ቴስታታ ግን አነስተኛ አይደለም። ለባለ 8 በ1.25 ቡሎን (ውፍረቱ 8፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ለሆነ) የመጨረሻው ብሽት ከ6.5 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ቀጭን የጥርስ ቅርፊት በሹል መሣሪያ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይለቀማል።

ጥርስ ማውጫን ለማጽጃነት መጠቀም፣ የጥርስ ርቀትን አለመለካት

ዝገትና ቆሻሻ የያዘ ነገር ግን ያልተበላ ጥርስ ታፕ በሚባለው ጥርስ ማውጫ ሲጸዳ፣ መሣሪያው የተሠራው ለመቁረጥ ስለሆነ፣ ከቆሻሻው ጋር ደህናውን ብረትም ያነሳል። ለጽዳት የሚሻለው ጥርሱ ደህና የሆነ አሮጌ ቡሎን ወስዶ በርዝመቱ ሁለት ሦስት ሰርጥ በመጋዝ መቁረጥ ነው፤ ሰርጦቹ ቆሻሻውን ይሰበስባሉ፣ ጥርሱ ግን አይቆርጥም።

ሌላው የጥርስ መበላት ምንጭ ውፍረቱ ልክ የሆነ፣ የጥርስ ርቀቱ ግን የተሳሳተ ቡሎን ነው። የብዙ ቶዮታ መኪናዎች የዘይት መክፈቻ ቡሎን 12 በ1.25 ሲሆን መደበኛው ባለ 12 ቡሎን 1.75 ነው፤ ለባለ 10ም ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ 1.25 ይጠቀማሉ፣ መደበኛው ግን 1.5 ነው። ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ሦስተኛው በቁልፍ ከተገፋ የሚበላው የኮፓው (የሞተር ዘይት መያዣው) ወይም የቴስታታው ጥርስ ነው። ማንኛውም ቡሎን ቢያንስ ግማሽ ርዝመቱ በጣት ብቻ መግባት አለበት፤ ካልገባ አንድ ነገር ስህተት ነው።

የተበላን ጥርስ በሽፋን ማታለል

ቴፍሎን መጠቅለል፣ ሙጫ መሙላት፣ የቆርቆሮ ቁራጭ አብሮ መጠምዘዝ፣ ወይም ከልኩ ወፈር ያለ ቡሎን በኃይል መንዳት የተለመዱ ናቸው። መኪናውን ለመሸጥ ላሰበ ሰው ያገለግሉ ይሆናል፤ ሙቀትና ጫና ባለበት ቦታ ግን አይጸኑም።

ትክክለኛው ጥገና ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ ማስገባት ነው፤ ይኸውም ሄሊኮይል በሚባለው የተጠቀለለ የብረት ሽቦ ወይም በጠንካራ ቡሽ (ውስጡም ውጩም ጥርስ ባለው አጭር የብረት ቱቦ)። ለባለ 8 በ1.25 ሄሊኮይል ቀዳዳው በ8.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይሰፋል፤ ከዚያ የሚቆረጠው ጥርስ ከተለመደው ባለ 8 ታፕ ሳይሆን ከሄሊኮይሉ ጋር ከሚመጣው ልዩ ታፕ ነው። ልዩነቱን ያላስተዋለ ሰው ተራውን ታፕ ያስገባና ቀዳዳው ለምን እንደሰፋበት ይገረማል። ታፑ ቀጥ ብሎ መግባቱ ከሁለት ወገን በማዕዘን ይታይ፤ በአሉሚኒየም ላይ በነጭ ጋዝ እየረጠበ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ ይዙር። ሽቦው ከወለሉ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከላይ ከቀረ ጋስኬቱን ያነሳዋል። ለአሉሚኒየም የሽቦው ርዝመት ከቡሎኑ ውፍረት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሽቦውን ለማስገባት ያገለገለችው የታችኛዋ ጭራ በመጨረሻ ተሰብራ ትወገዳለች፤ ማግኔት ግን ይህችን ጭራ ላያነሳት ይችላል፤ ሽቦው ማግኔት ብዙም የማይስበው ዝገት አልባ ብረት ነውና በቀጭን መያዣ ትውጣ።

ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በተደጋጋሚ ለሚፈታበት ቀዳዳ ጠንካራ ቡሽ ከሽቦ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ሽቦው ከካንዴላው ጋር አብሮ ተጠምዝዞ የወጣባቸው ጥገናዎች ጥቂት አይደሉም። በዚያ ቦታ ሌላም ስጋት አለ፦ ብናኙ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል፤ አሉሚኒየም በመሆኑም ማግኔት አይስበውም። ቴስታታውን መፍታት ከተቻለ ይፈታ፤ ካልተቻለ የታፑ ሰርጦች በግራሶ ይሞሉ፣ በየጥቂቱ ዙር ወጥቶ ይጠረግ፣ በመጨረሻም ሲሊንደሩ በቀጭን ቱቦ ይመጠጥ። ካንዴላን ደግሞ ሞተሩ ትኩስ እያለ መፍታት የመጀመሪያው ጥፋት ስለሆነ ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት።

ሲገጣጥሙ ቀዳዳውን ሳያደርቁና ያለ ልክ ማጥበቅ

ታችኛው ጫፉ የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ፈሳሽ አይታመቅምና የቶርክ ቁልፉ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው) ቡሎኑ ገና ሳይጠብቅ ጠብቋል ይላል፣ ሲበረታም የሞተር ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው በኮምፕሬሰር አየር ይደርቅ፤ ዓይንም በመነጽር ይጠበቅ።

ልክን በተመለከተ ትንሽ ስሌት ይበቃል። 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ በ30 ኪሎ ግራም ኃይል የሚጎትት ሰው 60 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈጥራል፤ በአሉሚኒየም ውስጥ ላለ ባለ 8 ቡሎን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ20 እስከ 25 ነው፣ ለባለ 6 ደግሞ 10 ገደማ። ቶርክ ቁልፍ ከሌለ አጭር ቁልፍ መያዝ ይሻላል። በጥርሱ ላይ የመዳብ ወይም የኒኬል ቅባት ከተቀባ ቡሎኑ በዚያው ንባብ ይበልጥ ስለሚሳብ ልኩ ዝቅ ሊል ይገባል። የሚለጠጡ የቴስታታ ቡሎኖች ባሉበት ሞተር አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር የሚቀጥለውን ቡሎን አስቀድሞ መቁረጥ ነው።

አዲስ የገባ ጥርስ ማኒፎልዱ ከመታሰሩ በፊት ይፈተን፦ ቡሎን ከወፍራም ሮንዴላ ጋር ገብቶ እስከ ታዘዘው ልክ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይፈታና ሽቦው ወይም ቡሹ አብሮ አለመንቀሳቀሱ በቀለም ምልክት ይታይ። ቡሎኑ እየተጠበቀ ሳለ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ወይም ቀዳዳው ከውኃ መተላለፊያ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ያ ቴስታታ ተፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት ሊሄድ ይገባል።