ቀይ ወይን ለእንግዳ ሲቀርብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለእንግዳ መሰሰት አናውቅም። ብርጭቆው እስከ አፉ ይሞላል፣ ጎደል ሲል ይጨመርበታል፣ «በሞቴ» ይባላል። ለጠላና ለጠጅ የሚያምረው ይህ ደግነት ቀይ ወይን ላይ ሲደርስ ግን ጉዳት አለው። ከወይን ጣዕም አብዛኛው የሚታወቀው በአፍንጫ ስለሆነ፣ መዓዛውን ያፈነ ሁሉ ወይኑን ገደለው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ወይንና ቡናን በአንድ ጊዜ ማቅረብ ነው። አንድ እሑድ አራት ኪሎ በሚገኘው ቤታችን፣ ከባቱ (ከዝዋይ) የመጣ፣ ሲራ ከሚባለው የወይን ዓይነት የተሠራ ጥሩ ቀይ ወይን ለእንግዶች ከፈትሁ። በዚያችው ጠባብ ሳሎን ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ከማጨሻው የሚወጣው የእጣን ጢስ ጣሪያውን ሞልቶታል። እንግዶቹ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ባስጠጉ ቁጥር የሚያገኙት እጣን ብቻ ነበር። ጠርሙሱ አለቀ፤ ስለ ወይኑ አንድ ቃል የተናገረ ግን አልነበረም። ቡናችንን እወዳለሁ፣ ያለ እጣንም አይሆንልኝም። ስለዚህ አሁን ወይኑ ከምግብ ጋር ይቀድማል፤ ጠርሙሱ ከተነሣ በኋላ ረከቦቱ ይዘረጋል። በዚያ ቀን አስተናጋጁ ጠንከር ያለ ሽቶ ባይቀባም መልካም ነው።

ብርጭቆውን ሳያሸቱ መቅዳትም እንዲሁ ነው። ቡፌ ውስጥ ወራት የከረመ ብርጭቆ የእንጨት ሽታ ይይዛል፤ የወጥ ቤት ፎጣ ደግሞ ሽንኩርት ያወርሰዋል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ፣ ሽታ በሌለው ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብርጭቆ መሙላት ነው። ወይን ሲሶ ያህል ብቻ ይቀዳል። የቀረው ባዶ ቦታ መዓዛው የሚሰበሰብበት ነው፤ ብርጭቆውን ዞር ዞር ለማድረግም ያስችላል። ለመቅመስ ብቻ ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፤ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ለ12 ሰው ይዳረሳል። ትልልቅ ሰዎች ጎዶሎ ብርጭቆ ሲያዩ ቅር እንዳይላቸው ግን ምክንያቱን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆዋን አየችና «ምነው ልጄ፣ አለቀባችሁ እንዴ?» አለችኝ። «የለም እትዬ፣ መዓዛው እንዲጠራቀምልሽ ብዬ ነው» አልኋት።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚለውን ምክር እንዳለ መቀበልም ያሳስታል። ምክሩ የመጣው ቀዝቃዛ ከነበሩት የድሮ የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ የሚፈለገው ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሳሎናችን ራሱ ይስማማዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ የገባበት ክፍል ከዚያ በጣም ያልፋል፤ ያኔ አልኮሉ ጎልቶ አፍንጫ ይወጋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ያስተካክለዋል። እዚያው ማሳደር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ መዓዛው ይዘጋል፣ ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚገኘው ታኒንም አፍን ይበልጥ ያጨማትታል።

ጠርሙስን ለጌጥ ብሎ ፀሐይ በሚያገኘው ቡፌ ውስጥ ዓመታት ማቆየት አይገባም። አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ሳይቀምሱ ለእንግዳ መቅዳት በእኛ ባህል ነውር መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም። ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀድማ ትቀምሳለች። በወይንም አስተናጋጁ ቀድሞ ይቀምሳል፤ እርጥብ ካርቶን ወይም ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ጠርሙሱን ይቀይራል።

ምግብን በተመለከተ፣ በርበሬ የበዛበትን ዶሮ ወጥ ከደረቅ (ጣፋጭነት ከሌለው) እና አልኮሉ ከበዛ ወይን ጋር ማቅረብ ሁለቱንም ይጎዳል፤ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ለዶሮ ወጥ እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን ይሻላል። ደረቁ ጉደር ለጥብስና ለለብለብ ክትፎ ይስማማል፣ ሥቡ ታኒኑን ያለዝበዋልና። ሁለቱም በአንድ ገበታ ከቀረቡ ደረቁ ይቅደም፤ ከአክሱሚት በኋላ የተቀመሰ ጉደር የኮመጠጠ ይመስላል።

አልኮል ለማይጠጣ እንግዳ ብርዝ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ይቀዳለት። መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ «በሞቴ» አይባልም። የተረፈው ወይን ቡሹ ተመልሶበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል።

የመጨረሻው፣ እኔም ለመተው የተቸገርሁበት ስህተት፣ እንግዳው ሳያሸት «እንዲህ እንዲህ ይላል» ብሎ መንገር ነው። አንዴ ከተነገረው በኋላ የሚፈልገው የተነገረውን ብቻ ነው፤ የራሱን አፍንጫ ይረሳል። ሌላ እሑድ ያንኑ ሲራ፣ ያለ እጣን፣ ለአክስቴ ቀዳሁላትና ዝም አልሁ። ብርጭቆውን እንደ ስኒ በሁለት እጇ ያዘች፣ ዓይኗን ከደነች፣ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ሳበች። የሲራ ወይን የሚታወቅበትን መዓዛ ማንም አልነገራትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ግን ቅመም ስትደልዝ ኖራለች። «ቁንዶ በርበሬ ጨምራችሁበታል?» አለች።