ሞተር ሳይክልን ለረጅም ጉዞና ለድንኳን አዳር ሲያሰናዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለከተማ ሥራ የተገዛን ሞተር ሳይክል ለሩቅ መንገድ አሻሽሎ መሥራት እጅግ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ሆኖም ጋራዥ ውስጥ ያማረ ሁሉ መንገድ ላይ አይጸናም። ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሰላና በዶዶላ ወደ ሮቤና ጎባ የሚደርሰውን፣ ከዚያም የሰኔቲን አምባ ተሻግሮ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ እንውሰድ። አስፋልትም ኮረኮንችም፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ደጋም፣ ሙቀት ያለው ቆላም ስላለበት የአሠራርን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል።

የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ጭነቱን ሳይመዝኑ ብየዳ መጀመር ነው። ብዙ ሰው አስቀድሞ ሳጥን ያሠራል፤ ከዚያም ሳጥኑ እስኪሞላ ድረስ ዕቃ ይጨምርበታል። መሆን የሚገባው ግን ተቃራኒው ነው፤ ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ምድጃው፣ ስንቁ፣ ውኃውና መፍቻው አስቀድመው ሚዛን ላይ ይውጡ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 25 ኪሎ የአዳር ዕቃና ስንቅ፣ 6 ኪሎ መፍቻ፣ 5 ሊትር ውኃና 10 ሊትር ተጨማሪ ቤንዚን ቢይዝ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ድምሩ 113 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ከአንግል ብረት የተበየደ መደርደሪያና ሁለት የላሜራ ሳጥኖች በዚህ ላይ ሌላ 20 ኪሎ በቀላሉ ይጨምራሉ። አምራቹ የፈቀደው የጭነት ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል፤ ድምሩ ከዚያ ካለፈ መፍትሔው ዕቃ መቀነስ እንጂ ብረት መጨመር አይደለም።

ከዚሁ የሚወለደው ስህተት መደርደሪያውን በቀጥታ ከሻንሲው፣ ማለትም ከሞተር ሳይክሉ የብረት አጽም፣ ጋር መበየድ ነው። ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ የሚዘረጋው የሻንሲ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከቀጭን ቱቦ የተሠራ ሲሆን፣ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩን ስለሚለውጥ፣ በኮረኮንች ላይ የሚደጋገመው ንዝረት ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያው ከብየዳው ጠርዝ ነው። መደርደሪያው ፋብሪካው በሠራቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ይታሰር፤ የግራውና የቀኙም ከኋላ በአንድ አግዳሚ ብረት ይያያዙ፤ አለበለዚያ ጭነቱ ወደ ጎማው ያጥፋቸዋል። በመሪው አንገት አካባቢ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር የሚመሳከር ስለሆነ፣ በመፍጫም ሆነ በቀለም እንዳይጠፋ በያጁን አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

የዕቃው አቀማመጥም ከክብደቱ አያንስም። ከኋላ ጎማው እምብርት አልፎ የተንጠለጠለ 10 ኪሎ የፊቱን ጎማ ያቀላል፤ መሪውም በጠጠር ላይ ይዋልላል። ስለዚህ መፍቻና ውኃን የመሰለ ከባድ ነገር ዝቅ ብሎና ወደ ነጂው ተጠግቶ ይጫን። እኔ ከላሜራ ሳጥን ይልቅ የሸራ ከረጢትን እመርጣለሁ፤ ቀላል ከመሆኑም በላይ ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ የነጂው እግር ከሥሩ ቢገባ የሚደርሰው ጉዳት ያነሰ ነው። ብቻ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጋር ከተነካካ ስለሚቃጠል፣ በመካከላቸው የብረት መከለያ ሊገባ ይገባል።

ጭነቱን አብዝቶ ሞላውን እንደነበረ መተውም የተለመደ ስህተት ነው። ነጂው ከነሙሉ ጭነቱ ሲቀመጥ የኋላው አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃው) ከጠቅላላ እንቅስቃሴው አንድ ሦስተኛ ያህል ቢወርድ ደንበኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሰጠመ ሞላውን ማጥበቅ፣ ካልበቃም ጠንከር ባለ መለወጥ ያሻል። የካቴናው (የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት) ልቅነት የሚስተካከለውም ይህንኑ ጭነት ከግምት አስገብቶ ነው፤ ባዶውን ሳለ የጠበቀ ካቴና የኋላው ጎማ በጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይ ሲገፋ ይበልጥ ስለሚወጠር ኩሽኔታን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ያበላሻል።

ከፍታን መርሳት በእኛ አገር በተለይ ዋጋ ያስከፍላል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለለት ሞተር ሰኔቲ ላይ 8 ያህሉ ብቻ ይቀርለታል። ፈውሱ ትልቅ ሞተር መግጠም አይደለም፤ የፊቱን ፒኞን (ካቴናውን የሚስበውን ትንሹን ጥርሳም ጎማ) ከ15 ጥርስ ወደ 14 ማውረድ ለኋላ ጎማ የሚደርሰውን ጉልበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የሚቀንሰው የላይኛው ፍጥነትም ለተጫነ ሞተር ሳይክል አያስፈልገውም። ካርቡራተር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል። ይህን ለማረም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ለሰኔቲ ልክ ማጥበብ ግን ስህተት ነው፤ ደሎ መና ሲወርዱ ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ለአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡራተር ሰኔቲን የሚሻገሩበትን አንድ ቀን ተሸክሞ ያልፋል።

ስለ ነዳጅ የሚሠራው ስህተት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ለማስፋት ብሎ ቤንዚን የነበረበትን ዕቃ ሳያጥቡና ትነቱን ሳያስወጡ መበየድ ፍንዳታ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ደግሞ ከሞላው ይብሳል፣ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ጥብቅ ክዳን ያለው አንድ ጀሪካን በቂ ነው። በመንገድ ላይ በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል በቱቦው ላይ ፊልትሮ ይጨመር።

መብራትና የስልክ ቻርጀር ሲጨምሩ የጀነሬተሩን አቅም ሳያሰሉ መቀጠል ባትሪውን ባዶ ያስቀራል፤ እያንዳንዱም የራሱ ፊዩዝ ይኑረው። ባለ ራጂ (ባለ ቀጭን ሽቦ) ቸርኬ ያለው ሰው ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ ጎማ ማውጫና ፓምፕ መያዝ ብቻ ሳይሆን ጎማውን ቤቱ ሆኖ አንድ ጊዜ ፈትቶ መግጠም አለበት።

ሥራውን በጉዞው ዋዜማ መጨረስ የመጨረሻው ነው። አዲስ የታሰረ ቡሎን ሁሉ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከነሙሉ ጭነቱ ቢያንስ የአንድ ሌሊት ሙከራ ይደረግ። በሰኔቲ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የመኝታ ከረጢቱ እንደማይበቃ፣ ድንኳኑም ከዕቃው ሁሉ ሥር እንደተቀበረ የሚታወቀው ለቤት ቅርብ በሆነ ደጋ፣ ለምሳሌ እንጦጦ ላይ፣ ቢሆን ይሻላል።