ቢሾፕዎን ከመሠዋትዎ በፊት፦ በቼዝ እያጠቁ ማሰብ

በቼዝ ለማጥቃት የሚቸኩል ሰው ድፍረት አይጎድለውም፤ የሚጎድለው ሒሳብ ነው። እኔም ለዓመታት ቼክ ማለት (የተጋጣሚን ንጉሥ ማስፈራራት) በቻልኩ ቁጥር ቼክ እያልኩ፣ ጨዋታው ሳይጋመስ ባዶ እጄን እቀር ነበር። ያስተካከሉኝን ልማዶች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ሠራዊትዎን ያውጡ። የገበታው ዓምዶች ከኤ እስከ ኤች፣ ረድፎቹ ከ1 እስከ 8 ይጠራሉ። የነጩ ንግሥት ኤች5 ላይ፣ ቢሾፑ (በሰያፍ የሚሄደው ጠጠር) ሲ4 ላይ ሆነው ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ያለውን ኤፍ7ን ሲያነጣጥሩ ጀማሪ ይደነግጣል። ነቃ ያለው ግን የጂ ወታደሩን አንድ ቤት ይገፋል፤ ንግሥቲቱ ስትሸሽ እርሱ ጊዜ አተረፈ። ሰንጠረዥ በሚባለው የቀድሞው የሀገራችን ቼዝም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። የዚህ መክፈቻ ስሙ ወረራ ይባል እንጂ ሥራው ሠራዊትን ማሰለፍ ነበር።

2. ከመሠዋትዎ (ጠጠር አውቀው ከመስጠትዎ) በፊት ይቁጠሩ። ነጭ ነዎት እንበል፦ ቢሾፕዎ ዲ3፣ ፈረስዎ ኤፍ3፣ ንግሥትዎ ዲ1፣ ወታደርዎ ኢ5 ላይ ናቸው፤ የጥቁሩ ንጉሥ ካስሊንግ አድርጎ (ከግንቡ ጋር በአንድ ተራ ወደ ጎን ተዛውሮ) ጂ8 ላይ ተሸሽጓል። ቢሾፑ ኤች7 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ቢሾፑን ይበላል፤ ፈረሱ ጂ5 ላይ ዘሎ ዳግም ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ጂ8 ከተመለሰ ንግሥቲቱ ኤች5 ደርሳ በኤች7 ማት (ማምለጫ የሌለው ቼክ) ታስፈራራለች። ያማልላል! ግን ቢሾፕ ሦስት ወታደር ያህል ዋጋ ስላለው፣ አንድ በልተው ሁለት ከስረዋል። ስለዚህ እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ጥቁሩ ጂ5 ላይ የሚዘለውን ፈረስ በንግሥት ወይም በቢሾፕ መብላት ይችላል? የራሱን ፈረስ ወደ ኤፍ8 መልሶ፣ ወይም የራሱን ቢሾፕ ኤፍ5 ላይ አውጥቶ ኤች7ን ይጠብቃል? ንጉሡ በመመለስ ፈንታ ወደ ጂ6 ቢወጣስ? እኔን ብዙ ጊዜ የጣለኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ንጉሥ ወደ ፊት ይሸሻል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጡ ቢሾፕዎን አይንኩት፤ ሌላ ጠጠር ጨምረው ያስጠጉ።

3. መጠበቅም ልክ አለው። የተጋጣሚዎ ንጉሥ መሐል ላይ ቆሞ፣ የእርስዎ ጠጠሮች ቀድመው ከወጡ መሐሉን ይክፈቱት። ሁለት ተራ ከዘገዩ ካስሊንግ አድርጎ ይድናል።

4. ረዘም ያለ ሰዓት ይምረጡ። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይህን ሁሉ መቁጠር አይቻልም፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይስጡት።

5. የተሸነፉበትን ጨዋታ መዝግበው፣ ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ራስዎ ይመርምሩት። በጥቃቱ የታወቀው የሶቪየቱ ሚኻይል ታል እ.ኤ.አ. በ1960 የወቅቱን ሻምፒዮን ቦትቪኒክን አሸንፎ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱ ግን ቦትቪኒክ ተዘጋጅቶ መጥቶ ዘውዱን አስመለሰ። ያው አጥቂ ታል ግን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974፣ 95 ጨዋታ በተከታታይ ሳይሸነፍ ቆይቷል። እኔ በደብተሬ ከእያንዳንዱ ሽንፈት ግርጌ አንድ መስመር ብቻ እጽፋለሁ፦ «ስንት አጥቂ ነበረኝ? እርሱስ ስንት ጠባቂ?»