ወይን ስትገዙ መጀመሪያ እጅ እዩ

ሱሉልታ ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ ብርዱ ሲይዘው "ቀይ ወይን የለህም እንዴ?" ሳይል አይቀርም፣ በዛ ምክንያት ሳላስበው የሰፈሩ የወይን አማካሪ ሆኜ ቀረሁ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፣ ኪሴ ሳይራቆት ጥሩ የሚባለውን ወይን እንዴት ላግኝ? እሺ፣ የማውቀውን ልጻፈውና እየደወላችሁ አታስቸግሩኝ።

ጠላ ስንጠጣ እኮ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ማን ጠመቀችው?" ብለን ነው። ጌሾው ከየት መጣ የሚል የለም። እጇ የሚጣፍጥ ሴት ለሰርግ የጠመቀችው ብቻ ሳይሆን ለሰንበቴ በጥድፊያ ያደረሰችውም ይጠጣል፣ እጅ የሌላት ደግሞ የፈለገ ብታወጣበት ያው ነው። ወይንም እንደዛው። የጎበዝ ጠማቂ ርካሿ ጠርሙስ የሰነፉን ውድ ጠርሙስ ታስንቃለች። ብዙ ሰው ግን "ቦርዶ" የሚል ጽሑፍ ካየ በቃ ይከፍላል፣ ቦርዶ እኮ ፈረንሳይ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አምራቾች ያሉበት ሰፊ አካባቢ ነው፣ ጎበዙም ሰነፉም ያንኑ ስም ነው የሚለጥፈው። ስለዚህ የአካባቢውን ስም ተዉትና የአምራቹን ስም ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል ከታች ወይ ከጀርባ ነው ያለው።

ጎበዝ ሆነው ዋጋቸው ሰማይ ያልነካ እንዴት ይገኛሉ ካላችሁ፣ አንዳንዱ አካባቢው ፋሽን ስላልሆነ ነው፣ አንዳንዱ መሬቱ ከአያት የወረሰው ስለሆነ የባንክ ዕዳ የለበትም፣ አንዳንዱ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ነው። የመጨረሻውን ሰው ይንቃል፣ ማኅበር ሲባል ሁሉም ያመጣውን አንድ ላይ መደባለቅ ይመስለዋል መሰለኝ። ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮን እዩ እስቲ። ጣሊያን ፒየሞንቴ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰፈሩ ቄስ 19 ገበሬዎችን ሰብስቦ የመሠረተው ነው፣ ዛሬ 50 አካባቢ ቤተሰብ አለበት፣ የሚሠሩት ከአንድ የወይን ዘር ብቻ ነው፣ ኔቢዮሎ። ዓመቱ ጥሩ ከሆነ የዘጠኝ ማሳ ወይን ለየብቻው "ሪዘርቫ" ተብሎ ይወጣል፣ ዓመቱ ካላማራቸው ግን ሪዘርቫውን ይተዉትና የዘጠኙም ማሳ ፍሬ ተራው ባርባሬስኮ ውስጥ ይገባል። ገባችሁ አይደል? ሪዘርቫ ያልወጣበት ዓመት ተራው ጠርሙስ ውስጥ የምርጦቹ ማሳ ፍሬ አለ፣ ዋጋው ግን የተራው ነው። እሱም ከበዛባችሁ "ላንጌ ኔቢዮሎ" የሚል ታናሽ ወንድም አለው።

ስፔን ሪዮሃ ደግሞ ለእኛ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ነው፣ ምክንያቱም ማስቀመጡን እነሱ ይጨርሱላችኋል። ቀይ ሆኖ "ሬሴርቫ" ካለ በሕጋቸው ቢያንስ 3 ዓመት፣ "ግራን ሬሴርቫ" ካለ ቢያንስ 5 ዓመት ጓዳቸው ቆይቶ ነው የሚወጣው። ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ የሚባሉት ግን ሕጉን እንኳን አይተው የሚያውቁ አይመስሉም፣ እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ቶንዶኒያ ሬሴርቫቸውን 6 ዓመት በእንጨት በርሜል ያቆዩታል። ከዚያው ቤት "ኩቢዮ" የሚባለው ይረክሳል፣ እጁ ግን አንድ ነው። ላ ሪዮሃ አልታም እንደዛው፣ "አልቤርዲ" ከሚለው ጀምሩ።

ቤይሩት ዘመድ ያላችሁ (የሌለው ማን አለ?) ሻቶ ሙሳር አስመጡ። ሆሻር የሚባል ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1930 የጀመረው ነው፣ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ራሱ ከበቃ ሸለቆ ፍሬውን በጭነት መኪና እያሻገሩ ከጥቂት ዓመት በቀር ሥራቸውን አላቆሙም። ዋናው ቀይ ከተለቀመ በሰባተኛው ዓመት ነው ለገበያ የሚወጣው፣ "ሙሳር ዠን" የሚለው ግን ቶሎ ይወጣል፣ ይረክሳልም። ከደቡብ አፍሪካ ካኖንኮፕ፣ ታናሹ "ካዴት" ይባላል፣ አገኛችሁት ሳትጠይቁ ውሰዱ።

የኛስ? ባቱ (ዝዋይ) ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ድርጅት የጀመረው አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበያ ላይ ነው፣ ማሳው ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። እኔ "ሪፍት ቫሊ" የሚለውን ነው የምመርጠው፣ ካቤርኔ ይሁን ሜርሎ ይሁን ሲራ ዘሩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ የምትጠጡትን ታውቃላችሁ። አካሲያ ስትገዙ ድራይ (ደረቅ፣ የማይጣፍጥ) ነው ወይስ ሚዲየም ስዊት (ጣፈጥ ያለ) የሚለውን አንብቡ፣ ስንቱ ሳያነብ ገዝቶ "ጣፈጠኝ" ብሎ ሲያማርር ሰምቻለሁ። አዋሽ ወይን ጠጅም ጉደሩና አክሱሚቱ አለ፣ አክሱሚት ጣፋጭ ስለሆነ የሚንቁት አሉ፣ እኔ ግን ከዶሮ ወጥ ጋር ከብዙ የውጭ ወይን አስበልጠዋለሁ፣ በርበሬ ላይ አልኮሉ የበዛ ደረቅ ቀይ ስትደርቡበት አፍ እንደ እሳት ነው የሚነደው። ደረቁን ለጥሬ ሥጋና ለለብ ለብ አስቀምጡት።

አሁን ሱቅ ውስጥ የምታዩት፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው። አንዴ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ አሪፍ ስም ያለው ጠርሙስ በቅናሽ አየሁና ተስገብግቤ ገዛሁ፣ ቤት ስከፍተው የተቀቀለ ማርማላታ። እጁ ምንም ጎበዝ ቢሆን ፀሐይ ያበስለዋል። ስለዚህ ከመስኮት ዳር አትግዙ፣ ከኋላ ከጨለማው መደርደሪያ አውጣልኝ በሉት። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ፣ ወይ ወይኑ ከአንገቱ ወርዶ ከጎደለ፣ መልሱት። ነጭ ወይንና ርካሽ ቀይ ዓመቱ የቅርብ ይሁን፣ "የቆየ ይሻላል" የሚባለው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። ስትከፍቱት የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ደግሞ ችግሩ የቡሹ ነው፣ የእናንተ አፍንጫ አይደለም፣ ሱቁ ይቀይርላችሁ።

ቤት ውስጥ ሱሉልታ ላላችሁ ፍሪጅ አያስፈልግም፣ አልጋ ሥር፣ ቡሽ ከሆነ በጎኑ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ እንደፈለጋችሁ። ገላንና ዱከም ያላችሁ ቆርቆሮው ስለሚግል ቀዩንም ከመጠጣታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት፣ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው የሚጣፍጠው፣ "በቤት ሙቀት" የሚሉት ፈረንጆች ቤታቸው እንደኛ ቆርቆሮ አልነበረም። የተረፈውን ክዳኑን ግጠሙና ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ይቆይላችኋል፣ ከዛ ካለፈ ጥብስ ላይ አፍሱት።