በ10 ደቂቃ ጌም ታሪክ እንዴት ይነገራል?

መጀመሪያ የሠራሁት ጌም ውስጥ ታሪኩን በሙሉ በደብዳቤ ጽፌ በየክፍሉ በተንኩት። 14 ደብዳቤ። ጓደኛዬን አስቀምጬ አጫወትኩት። ሁለቱን አነበበ፣ ሦስተኛውን ከፍቶ ወዲያው ዘጋው፣ የቀሩትን ዞር ብሎም አላያቸውም። ሲጨርስ "ቤቱ ያምራል" አለኝ። ታሪኩስ? ስለው፣ "የቱ ታሪክ?"

የማወራው ስለ አጫጭር የፈርስት ፐርሰን ጌሞች ነው። ዓለሙን በባለታሪኩ ዓይን እያየን የምንሄድባቸው፣ አንዴ ተቀምጠን የምንጨርሳቸው፣ ነጥብ ቆጠራ የሌለባቸው። ትንሽ ወጣ ያለ ነገር መሞከር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

1. ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ስለ ብቸኝነት ነው" አይሠራም። "ሴትዮዋ የሞተ ወንድሟን ክፍል ልታጸዳ ገብታ ምንም ሳትነካ ወጣች" ይሠራል። መግባት፣ ማንሳት፣ መልሶ ማስቀመጥ፣ መውጣት፦ ተጫዋቹ በእጁ የሚያደርገው ነገር አለ።

2. ኢንጂን ምረጡና ሳጥን ደርድሩ

ኢንጂን ጌም የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። ጎዶት የሚባለው ነፃ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል። ዩኒቲ ከለመዳችሁ በዩኒቲ ቀጥሉ። ብቻ ኢንጂን በማወዳደር ወር አትፍጁ። ጌም ሠሪው ብሬንደን ቹንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ግራቪቲ ቦን የተባለውን ጌም ያወጣው በኩዌክ 2 ኢንጂን ነው፤ ኩዌክ 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1997 ጌም ነው። የግራቪቲ ቦን ሰዎች ጭንቅላታቸው ሳጥን ነው። ማንም ቅር አላለውም።

ክፍሎቹን በባዶ ሳጥን ሥሩ። ቀለምና ዕቃ በኋላ ይደርሳል።

3. ዓይኑን ምሩ እንጂ አትጎትቱ

ካሜራው የተጫዋቹ ነው። "ይህን እይ" ብላችሁ አንገቱን ስታዞሩት ይናደዳል፣ እውነቱን ነው። ዋናውን ዕቃ መሄጃው ላይ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ አስቀምጡት፤ ወደዚያ ሲራመድ ማየቱ አይቀርም። ብርሃንና ድምፅ ጨምሩበት። ብዙ ቃል ካላችሁ ደግሞ ከደብዳቤ ይልቅ ተራኪ ይሻላል፤ እየሰሙ መራመድ ይቻላል። ዲር ኤስተር የተባለው ጌም ታሪኩን የሚነግረን እንዲህ ነው፤ ደሴቱ ላይ ስንሄድ ተራኪው ቁርጥራጭ ያነብልናል። የትኛው ቁርጥራጭ እንደሚመጣ በከፊል በዕጣ ስለሚወሰን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ታሪክ ላይሰማ ይችላል።

4. ጊዜን ቁረጡ

ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ፊልም ሠሪዎች ከት የሚሉት ነገር በፈርስት ፐርሰን ጌም ብዙም አይሞከርም። ቹንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ተርቲ ፍላይትስ ኦፍ ላቪንግ በተባለው ጌሙ ላይ አደረገው፦ እየተራመድክ ሳለ ድንገት ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰዓት ነህ። ንግግር የለም፣ ጌሙም ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ግን የአንድ ሙሉ ፊልም ታሪክ ይዟል።

እኔም ቀላል መስሎኝ ገባሁበት። ተጫዋቹ በር ሲያልፍ ትሪገር (ሲነካ ትዕዛዝ የሚያስነሳ የማይታይ ሳጥን) ነክቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል፣ አለቀ። የሞከረው ሰው ሁሉ "ተበላሸ እንዴ?" አለ። ለካ አዲሱ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ነበር የሚጀምሩት።

ችግሩ ጣቱ ነው። ትዕይንቱ ሲቆረጥ ተጫዋቹ ወደፊት የሚለውን ቁልፍ እንደተጫነ ነው። ስለዚህ ፊቱ የሚሄድበት መንገድ ይጠብቀው። ፍጥነቱን ዜሮ አድርጋችሁ እንደገና አታስጀምሩት፤ ኮረኮንች ላይ እንደገባ መኪና ያንገጫግጫል። ከበሩ 20 ዲግሪ ወደ ግራ እያየ ከነበረ፣ በአዲሱ ቦታም ከመንገዱ 20 ዲግሪ ወደ ግራ እያየ ይጀምር። ይህቺን አንዲት ስሌት ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ድምፁን ከምስሉ ግማሽ ሰከንድ አስቀድሙ። ጆሮ ቀድሞ ከሄደ ዓይን ይከተላል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ አስቀድሞ ተጭኖ ይጠብቅ፤ "በመጫን ላይ" የሚል ጽሑፍ ከመጣ ከቱ ሞቷል። እኔ ሁለቱንም ክፍሎች እዚያው አንድ ሲን (አብሮ የሚጫን የጌም ቦታ) ላይ፣ ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። አስቀያሚ መላ ነው፣ ግን ይሠራል።

ስክሪኑን አጥቁሮ መሻገርም አለ። እኔ አልወደውም። ጥቁር ሲያይ ተጫዋቹ እጁን አንስቶ ስልኩን ያያል።

የመጀመሪያውን ከት ቀላል አድርጉት፦ ያው ክፍል ከቀን ወደ ማታ። ሕጉን አንዴ ከተማረ በኋላ ዓመታትም ብታዘልሉት ይከተላችኋል።

5. አስሞክሩ፣ አፋችሁንም ዝጉ

ከኋላው ተቀመጡ። "ወደ ግራ ዙር" ልትሉ አፋችሁ የተከፈተበት ቦታ፣ መስተካከል ያለበት እዚያ ነው። ጻፉት፣ አትናገሩት።

ደግሞ አንድ ሰው የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ዓይኑ አዲስ አይደለም። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጫውቼ ጨረስኳቸው። አሁን ምንም ያላየ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፤ ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ።