ቲቲኤል ወይስ ማኑዋል? በሰርግ ፎቶ ላይ የሚደጋገሙ የፍላሽ ስህተቶች

ጥር ሲገባ ጎንደር ውስጥ ፎቶ አንሺ ፋታ የለውም። ጥምቀቱ እንዳለፈ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ሙግቱም አብሮ ይነሳል፦ የፍላሹን ኃይል ካሜራው ራሱ ይወስን (ቲቲኤል) ወይስ እኛ በእጃችን እንወስን (ማኑዋል)? አንዱ «ቲቲኤል የጀማሪ ነው» ይላል። ሌላው «ሰርግ ላይ ማኑዋል የሚነካካ ማን ጊዜ አለው?» ይላል።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። የሚለዋወጠው ርቀቱ ከሆነ ቲቲኤል። የሚለዋወጠው የልብሱ ቀለም ከሆነ ማኑዋል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህ ሲገለበጥ ነው።

ቬሎውን ለቲቲኤል ጥሎ ማንሳት

ቲቲኤል ዋናውን ብርሃን ከመልቀቁ በፊት ትንሽ የሙከራ ብልጭታ ይለቃል። ካሜራው በሌንሱ በኩል የተመለሰለትን ብርሃን ይለካና ኃይሉን ይወስናል። ግን ከፊቱ የቆመው ቬሎ ይሁን ጥቁር ሱፍ በእርግጠኝነት አያውቅም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል።

ስለዚህ ሙሽሪት ፍሬሙን ሞልታ ስትቆም «ብርሃን በዛ» ብሎ ፍላሹን ይቀንሳል። ቬሎው አመድማ ይሆናል፣ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ሙሽራው በጥቁር ሱፍ ብቻውን ሲቆም ግልባጩ ይመጣል፤ ፊቱ ይቃጠላል። በቲቲኤል መቀጠል ከፈለጋችሁ የፍላሽ ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው በወሰነው ኃይል ላይ የምትጨምሩበትን ወይም የምትቀንሱበትን) ለነጭ ወደ +1፣ ለጥቁር ወደ -1 አካባቢ አድርጉትና ስክሪኑ ላይ ፊቱን እያያችሁ አስተካክሉ። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ስታነሱም ያው ነው።

የባሰው ካባ ነው። የወርቅ ጥልፉ ብርሃኑን መልሶ ሌንሱ ላይ ይረጨዋል። ሙሽሮቹ ትንሽ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ቲቲኤል ሐሳቡን ይቀይራል። ሦስት ተከታታይ ፎቶ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

የቤተሰብ ፎቶ ላይ ማኑዋልን መፍራት

ማኑዋል የሚያምረው እዚህ ነው። መጀመሪያ አባትና እናት በጋቢና በነጠላ ይመጣሉ። ከዚያ ሚዜዎች በጥቁር ሱፍ፣ ከዚያ አክስቶች በሀበሻ ቀሚስ። ልብሱ ይለዋወጣል እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው። ታዲያ ብርሃኑ ለምን ይለዋወጥ?

ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 400፣ አፐርቸር (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 5.6፣ የፍላሹን ኃይል ከሙሉው 1/16 አድርጋችሁ አንድ ፎቶ ሞክሩ። ቁጥሩ እንደ ፍላሹ ይለያያል፣ መነሻ ግን ይሆናል። ፊቱ ልክ ሲመጣ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ማታ ኤዲት ስታደርጉ አንዱን አስተካክላችሁ ለሌሎቹ መገልበጥ ትችላላችሁ። ለእኔ ይህ ብቻውን ማኑዋልን ለመልመድ በቂ ምክንያት ነው።

በማኑዋል ላይ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ማለት

ፍላሹን ቀጥታ ስትመቱ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፤ 2 ስቶፕ ማለት ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው)። 2 ሜትር ላይ 1/16 የበቃው፣ 4 ሜትር ላይ 1/4 ይፈልጋል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ወደኋላ እየሄዳችሁ ስታነሱ ወይም እስክስታው መሃል ስትገቡ ይህን ማስላት አይቻልም። ያኔ ወደ ቲቲኤል ቀይሩ። ነውር የለውም።

ፍላሹን በሹተር ስፒድ ለማስተካከል መሞከር

በጣም የተለመደ ነው። የፍላሽ ብልጭታ ብዙውን ጊዜ ከሹተሩ የፈጠነ ስለሆነ፣ ሹተር ስፒድ (ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) የሚገዛው የአካባቢውን ብርሃን ነው። የፍላሹን ብርሃን የምታስተካክሉት በኃይሉ፣ በአፐርቸር፣ በአይኤስኦና በርቀት ነው።

ፋሲል ግቢ ውስጥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሽሮችን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ ሞክሩት። በ1/200 ሰከንድ ከኋላ ያለው ግንብ ጨልሞ ይቀራል። ሌላውን ሳትነኩ ወደ 1/60 አውርዱት፤ ቡናማው ድንጋይና ሰማዩ ብቅ ይላሉ፣ የሙሽሮቹ ፊት ግን ብዙም አይለወጥም።

ከፍላሽ ጋር ሹተር ስፒዱ ወደ ላይ ደግሞ ገደብ አለው። ብዙ ካሜራ 1/200 ወይም 1/250 አካባቢ ላይ ያበቃል። ከዚያ ካለፋችሁ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይገባል። ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለው የፍላሹ ሴቲንግ ገደቡን ያልፈዋል፣ ነገር ግን የፍላሹን ጉልበት በጣም ያዳክማል። የቀትር ፀሐይ ላይ ብትጠቀሙበት ወደ ሰውየው ጠጋ በሉ።

ቀለም ያለው ድንኳን ላይ ባውንስ ማድረግ

ባውንስ ማለት ፍላሹን ጣሪያ ላይ አንጥሮ ብርሃኑን ወደ ሰው መመለስ ነው፤ ነጭ ጣሪያ ካገኛችሁ ደስ ይላል። ድንኳኑ ሰማያዊ ወይም ብርቱካን ከሆነ ግን የሰው ፊት ያንኑ ይለብሳል። ቲቲኤል መጠን ነው የሚለካው፣ ቀለም አያስተካክልም።

ፍላሹ ሳይሞላ መተኮስ

ፍላሹ ሙሉ ኃይል ሲያወጣ ለመሙላት ሰከንዶች ይፈልጋል። ሳይሞላ ከተኮሳችሁ ፎቶው ይጠቁራል፣ እናንተም ሴቲንጉን ታማርራላችሁ። አይኤስኦውን ከ400 ወደ 800 ከፍ ብታደርጉ ግማሽ ኃይል ይበቃችኋል።

ቤተ ክርስቲያንም ፍላሽ ይዞ መግባት

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም። ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች እንዲጠበቁ ነው። እዚያ ቲቲኤል፣ ማኑዋል የሚባል ጥያቄ የለም። ፍላሹን ከካሜራው ንቀሉት፣ ለፎከስ የሚበራውንም መብራት ከሜኑ አጥፉት። ኤፍ 1.8 የሚከፍት ሌንስ ካላችሁ በአይኤስኦ 3200 ጀምሩ።