የጦርነት ፎቶ ስናይና ስናጋራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ፍርስራሽ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው። እንባዬ መጣ። ወዲያው ለሃያ ሰው በተንኩት። ማታ አንዱ «ይሄ እኮ የሶርያ ነው፤ የቆየ» አለኝ። አፈርሁ።

አንደኛ፦ ሳያጣሩ መላክ። ፎቶው እውነተኛ ሆኖ ከሥሩ የተጻፈው ውሸት ሊሆን ይችላል። ፎቶው ሌላ የት እንደወጣ በሚያሳየው ጉግል ሌንስ ላይ መፈለግ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ሁለተኛ፦ «ካሜራ አይዋሽም» ማለት። የሶቪየቱ ፎቶ አንሺ ካልዴይ እ.ኤ.አ. በ1945 በርሊን ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ያነሳውን ታውቁት ይሆናል። ባንዲራውን ይዞት የሄደው ራሱ ነው። ፎቶው ላይ ካሉት አንዱ ወታደር በሁለቱም እጁ ሰዓት አስሮ ነበር። ዝርፊያ እንዳይመስል አንዱ ሰዓት ከፎቶው ተፋቀ። ጭስም ተጨመረበት።

ሦስተኛ፦ ከፎቶው በፊትና በኋላ ያለውን መርሳት። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤዲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ሳይጎን ላይ አንድ ጄኔራል እጁ የታሰረን ሰው ጭንቅላቱን በሽጉጥ ሲመታው አነሳ። ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመበት። በኋላ ግን አዳምስ «ጄኔራሉ እስረኛውን ገደለ፣ እኔ ደግሞ ጄኔራሉን በካሜራዬ ገደልሁት» ብሎ ጻፈ። ጄኔራሉ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። የታሰረ ሰው መግደል ያው መግደል ነው። ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ በአንዲት ቅጽበት አያልቅም።

አራተኛ፦ የሟችን ፊት መለጠፍ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ አገር ሞት በወግ ነው የሚነገረው። ዘመድና ጎረቤት ይሰባሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆማል፣ ከዚያ ይረዳል። አሁን እናት የልጇን መርዶ ከስልክ ላይ፣ ብቻዋን፣ ምናልባት ታክሲ ውስጥ ታየዋለች። «ዓለም ይወቀው ብዬ ነው» የሚል አለ። ይሁን፤ ፊቱን መሸፈን ምን ይከብዳል?

አምስተኛ፦ ደም የሌለበት ፎቶ አይነካም ብሎ ማሰብ። የጎረቤታችን የእማማ ልጅ ወታደር ነው። ፎቶው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ስቱዲዮ የተነሳው፣ ከኋላው ጢስ ዓባይ የተሳለበት። ኮፍያው ትንሽ ሰፍቶታል። ከሄደ ቆይቷል፤ ወሬው የለም። እማማ ጠዋት ጠዋት ቡና ከማፍላታቸው በፊት መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል። እንግዳ ሲገባም «ቁመቱ ከዚህ በላይ ነው፤ ፎቶው አሳጥሮት ነው» ይላሉ።